ወይዘሮ ያልበላችው ሥጋ

እትዬ ማንጠግቦሽ ማረፏን የነገረችኝ አበባ ናት። አበባ ካርቱም ሳለን እትዬ ምግብ ቤት ዕቃ ታጥብ የነበረች የጎንደር ልጅ ስትሆን፣ አሁን አገሯ ገብታለች። እኔ ኮምቦልቻ ሱቄን ከፍቼ መደርደሪያ እያራገፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እንደ ልማዷ ዓረብኛና አማርኛውን ደባልቃ «ዘሀራ፣ ኸላስ፣ እትዬ ሄደችብን» አለችኝ። የት ብዬ አልጠየቅኳትም። እትዬ ጎንደር ልጆቿ ዘንድ ከገባች ወዲህ ጉልበቷ ከድቷት እንደነበር አውቃለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስናወራ «ሞት ቢመጣ ቁጭ ብዬ ነው የምቀበለው፣ መነሳቱ አቅቶኛል» ብላ አስቃኝ ነበር።

ያን ቀን ሱቁን ዘጋሁ። ጎረቤቴ ማን ሞቶብሽ ነው ስትለኝ «እናቴ» ማለት ውሸት ሆነብኝ፣ «አሠሪዬ» ማለት ደግሞ ግፍ። «አንዲት የጎንደር ሴት» አልኳት። ጎረቤቴ እንዳልገባት ታወቀኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ያልነገርኳትን ለመናገር ነው።

ምግብ ቤቷ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሠፈር ነበር፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ የስልክ ካርድ ሻጭ መካከል። አንድ የደንበኛ ክፍል፣ አንድ ማድ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ የኒም ዛፍ ያለበት ጠባብ ግቢ። በሩ ላይ በዓረብኛ «የአበሻ ምግብ» ከሚል ሰሌዳ በቀር ስም አልነበረውም። ሱዳኖቹ ግን ስም አውጥተውለት «ኡም ከዳይስ ቤት እንገናኝ» ይባባሉ ነበር። የድመቶች እናት ማለታቸው ነው። እትዬ መጀመሪያ ስትሰማ ተቆጣች፣ ኋላ ለመደችው፣ በመጨረሻ ስልክ ስታነሳ ራሷ «አይዋ፣ ኡም ከዳይስ» ማለት ጀመረች።

ካርቱምን ለማያውቅ ሰው ስለ ድመቶቹ ትንሽ መናገር አለብኝ። በዚያ ሠፈር ድመት የሌለው ሱቅ የለም። የልብስ ሰፊው ድመት ሊሰፋ የመጣ ጀለቢያ ላይ ተኝታ ትውላለች፤ ደንበኛ ሲመጣ ሰውዬው ሳይቀሰቅሳት ልብሱን ከሥሯ ቀስ አድርጎ ይስባል። የካርድ ሻጩ ድመት መስታወቱ ውስጥ ከስልክ ሽፋኖቹ ጋር ቁጭ ስለሚል የሚሸጥ የመሰላቸው ልጆች ዋጋውን ይጠይቃሉ። ለመንገደኛ ተብሎ በየበሩ የሚቀመጥ የውሃ ሸክላ አለ፣ ዚር ይሉታል፤ ከሥሩ ስለሚንጠባጠብ ቀትር ላይ የሠፈሩ ድመት ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ማንም አያባርራቸውም። በረመዳን ምግብ ቤቱ ሁሉ ቀን ቀን ሲዘጋ እነሱም አብረው ይጾማሉ፣ መግሪብ ሲደርስ መንገድ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ዳር ከሰው እኩል ይሰለፋሉ። እኛ አገር ድመት የምትያዘው አይጥ እንድታጠፋ ነው፤ ካላጠፋች ስድብ ነው የሚጠብቃት። እዚያ ግን ድመት መሆኗ ብቻ ይበቃታል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ለዚህ ወግ እጅ የሰጠችው በራሷ መንገድ ነው። ድመቷን አታቅፋትም፣ አትደባብሳትም። ሥራ ሰጠቻት።

ሥራው እንዲገባችሁ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እትዬ ጣና ዳር ጎርጎራ የተወለደች፣ ማተቧ ከአንገቷ የማይለይ ክርስቲያን ነበረች። ካርቱም የሚሸጠው ሥጋ እስላም ያረደው ነው፤ እሷ ደግሞ ክርስቲያን ያላረደውን አትበላም። በፋሲካና በገና አበሾች ተሰብስበው ከሚያርዱት ቅርጫ በቀር ዓመቱን ሙሉ ሥጋ አፏ አይገባም። ሙያዋ ግን ሥጋ ነው። ጥብሷን ብሎ ከኦምዱርማን ድልድይ ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ነበር። በየቀኑ ድስት ሙሉ ቀይ ወጥ ትሠራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ቀምሳው አታውቅም። ጨዉን የምትመጥነው በእጇ ልማድ ነው፣ ለቀረው አፍንጫዋን ታምናለች።

ቅምሻው የእኔ ሥራ ነበር። እኔ የወሎ እስላም ስለሆንኩ ሥጋው አይከለክለኝም። «ዘሀራ፣ ምላስሽን አምጪ» ትለኛለች ከምድጃው ሥር። ቀምሼ «ትንሽ ጨው» ካልኩ ትጨምራለች፣ «ልክ ነው» ካልኩ ትከድናለች። አትከራከረኝም። ወደ እሷ ከመምጣቴ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት በሰው ቤት ሠራተኝነት ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ይመስልሻል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ድስት ወጥ በእኔ ቃል ሲከደን የሚሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የጥሬው ሥጋ ዳኛ ግን ወይዘሮ ነበረች። ወይዘሮ የድመቷ ስም ነው። አመድማ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ግራ ጆሮዋ ከጫፉ የተቆረጠ፣ ስትራመድ ባለርስት የምትመስል ድመት ነበረች። ጠዋት ሥጋ ሲመጣ እትዬ ከዳሩ ትቆርጥና በድስት ክዳን ላይ አድርጋ ከኋላ በር ደፍ ላይ ታኖርላታለች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እኛም ሥራችንን ትተን አብረናት እንቆማለን። ወይዘሮ ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ትንሽ ታስባለች። ከበላች እትዬ «ያላ» ትላለች፣ ድስቱ ይጣዳል። ጀርባዋን ሰጥታ ከሄደች ሥጋው ወደ ሻጩ ይመለሳል። አዲስ የመጣ የአገራችን ሰው ከማድ ቤት «ወይዘሮ ዛሬ በልታለች?» የሚል ድምፅ ሲሰማ ውስጥ የታመመች ባልቴት የተኛች ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ድመትን ምን አምነሽ ነው አልኳት።

«እኔ አልበላም» አለች። «አንቺ ስትቀምሺ በርበሬው ሸፍኖታል። ጥሬውን የምታውቀው እሷ ናት። ደግሞ ለማንም ይሉኝታ የላትም።»

የመሃሊያ ተቆጣጣሪ፣ ማዘጋጃ ቤት እንደምንለው ነው፣ መጥቶ ወይዘሮን ጠረጴዛ ሥር ባያት ጊዜ «ይህቺ ከዲሳ እዚህ ምን ትሠራለች?» ብሎ ነበር። እትዬ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ሠራተኛ ናት» አለችው። ሰውዬው ሳቀና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። የሳቀው በመልሱ ብቻ አይመስለኝም። የእትዬ ዓረብኛ ወንዱን ሁሉ ሴት ያደርግ ነበር፤ ባለ ጢሙን ተቆጣጣሪ «እህቴ» እንደማለት ነው ያናገረችው። እኔ እዚህ እያቃናሁት ነው የምጽፈው።

ሥጋ የምንገዛው ከመንገዱ ጥግ፣ ከዓም ኢድሪስ ነው። ዓም ማለት እንደ እኛ ጋሼ ያለ ነው። ኦምዱርማን የሚኖሩ፣ ነጭ ጥምጥም የማይለያቸው፣ ግዙፍና ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋቸውን እምቢ ስትል እትዬ ራሷ ይዛ ሄደች። ዓም ኢድሪስ ሥጋውን አሸተቱና ሳቁ። «ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ማቀዝቀዣው ከድቶኛል። ከዲሳሽ ልክ ናት» ብለው ለወጡላት። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ለገበያው ሁሉ ያወሩት እሳቸው ናቸው።

ዓም ኢድሪስ ግን ሥጋ ሻጫችን ብቻ አልነበሩም። የምግብ ቤቱ ፈቃድ፣ ሩኽሳ የምንለው፣ የወጣው በእሳቸው ስም ነው። ለባዕድ ሰው በራሱ ስም ማውጣቱ ስለሚከብድ ብዙ አበሻ እንዲህ በሱዳናዊ ስም ነበር የሚሠራው። ዓም ኢድሪስ ለስማቸው ሥጋዬን ግዢኝ ከማለት በቀር የጠየቋት ነገር አልነበረም። በየዓመቱ አብረው ሄደው ያሳድሱታል። ያ ስም ያለበት ወረቀት በሩ ላይ ካልተሰቀለ በሩ አይከፈትም ማለት ነው።

እትዬ ስለ ሰው ሃይማኖት ያላትን ጥንቃቄ በአንድ ነገር ላሳያችሁ። ፋሲካ ሲደርስ እሷና አበባ ከቅርጫው ሥጋቸውን ያመጣሉ። ለእኔ ግን ከነሕይወቷ ዶሮ ትገዛና ዓም ኢድሪስ ዘንድ ትወስዳታለች። «ይህቺ የዘሀራ ናት፣ በወጋችሁ እረድልኝ» ትላቸዋለች። ለብቻው ድስት፣ ለብቻው ማማሰያ። አበባ «ለአንዲት ዘሀራ ሁለት ምድጃ» እያለች ስታሾፍ እትዬ ሻሿን ታጠብቃለች። ሻሽ ማጥበቅ ተቆጥቻለሁ ማለቷ ነው። «እኔ ቤት ያለች ሴት በእኔ ማንኪያ ሃይማኖቷ አይነካባትም» አለቻት አንድ ጊዜ። ዓም ኢድሪስ ዶሮዋን ሲያርዱ ለእኔ የተሰጠች ስጦታ ናት ብለው ነው የሚያስቡት። እትዬ ራሷ ምን እንደምትበላ አስበውት አያውቁም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የሙቀት ወራት ነው፤ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት በግንቦት ግድም፣ ከፋሲካ በኋላ ክርስቲያኑ ዓርብ በማይጾምባቸው ሃምሳ ቀናት ውስጥ። ሩኽሳው ሊታደስ ቀናት ነው የቀሩት። አንድ ጠዋት ወይዘሮ መጣች፣ አሸተተች፣ ሄደች። ሥጋው ተመለሰ። ዓም ኢድሪስ ግራ ቢገባቸውም ተቀበሉ። በማግስቱ የበግ ሥጋ ላኩ። ወይዘሮ ይባስ ብላ ወደ ክዳኑ እንኳ አልቀረበችም፤ ከሩቅ አይታ ወደ ውስጥ ገባች።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው» አለች እትዬ፣ ሥጋውን ጠቅልላ አበባን አስከትላ ወጣች።

ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። ዓም ኢድሪስ «ወላሂ ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው» ቢሉም እትዬ «ወይዘሮ አልበላችውም» ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አበባ እንደነገረችኝ፣ አንዲት ቅርጫት የያዘች ሱዳናዊት ይህን ሰምታ የገዛችውን ሥጋ መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። ሌላም ሰው ተከተላት። እትዬ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ስለነበር አላየችም። ዓም ኢድሪስ ግን አይተዋል።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ሲወጡ መጡ። ሱዳን ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ ጤናህ፣ ስለ ቤትህ፣ ስለ ልጆችህ፣ ስለ ሙቀቱ ሳይጠየቅ ወሬ አይጀመርም። ዓም ኢድሪስ ሰላም ሳይሉ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ሁለት ጊዜ ሥጋዬን መለስሽ። ዛሬ ደግሞ በሰው ፊት» አሉ። «መጥፎ ነው ያለሽ ማነው?»

«ወይዘሮ።»

«ከዲሳዋን ተያት። አንቺ ቀምሰሽዋል?»

እትዬ ነገር ማድበስበስ አታውቅበትም። «አልቀመስኩም» አለች።

«ትናንትስ?»

«ትናንትም።»

«መቼ ነው ቀምሰሽ የምታውቂው?»

እጇ ወደ ማተቧ ሄደ። አበባ ከማድ ቤቱ በር ሆና ከንፈሯን ነከሰች። እኔ በልቤ አሁን እንኳ አንዲት ትንሽ ውሸት ብትዋሽ እያልኩ ነበር።

«ዓም ኢድሪስ፣ ላስቀይምህ አልፈልግም» አለች። «ሥጋህን አንድ ቀንም በልቼ አላውቅም። ያንተን ብቻ አይደለም። በእኛ ጸሎት ያልታረደ አልበላም። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።»

ቢጮሁ ይሻል ነበር። እጃቸውን አዩ፣ ሥጋ የሚቆርጡበትን እጅ።

«አንቺ ያረድሽውን ብታቀርቢልኝ እኔ እበላ ነበር» አሉ። «የእኛ መጽሐፍ አይከለክለኝም። ስሜን በርሽ ላይ ሰቅለሽ፣ ሥጋዬን ለሰው እያበላሽ፣ ለአንቺ አፍ ግን ነውር ሆነ?»

«ነውር አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጥራው?»

ዓም ኢድሪስ ተነሱ። «ጁምዓ ከሶላት በኋላ እመጣለሁ። ከእጄ ትበያለሽ። ከበላሽ እሁድ መሃሊያ ሄደን ሩኽሳውን እናድሳለን። ካልበላሽ ሌላ ስም ፈልጊ፤ ማአሌሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ከእጄ የማይበላ ሰው በር ላይ ስሜ አይሰቀልም።»

ሌላ ስም በዚያ ጥቂት ቀን ከየት ይመጣል? ምግብ ቤቱ ቢዘጋ እትዬ አገሯ ላሉ ልጆቿ የምትልከው አይኖራትም። አበባ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበራት ሌላ የሚቀጥራት አይገኝም። እኔ ወደ ሰው ቤት እመለሳለሁ፤ እንደገና ማድ ቤት ወለል ላይ ልተኛ፣ እንደገና ስሜን ሳያውቁ «አንቺ ልጅ» ሊሉኝ። ያን ቀን ስለ ሃይማኖቷ አላሰብኩም፣ ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት። ብትበላው ተመኘሁ።

በዚያው ቀን አበባ ድርቆሽ ልታወጣ ዕቃ ቤት ገብታ ጠራችን። ሄደን ስናይ ወይዘሮ የድርቆሹ ቅርጫት ውስጥ ተጋድማ ልጆቿን ታጠባለች። ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ፣ አይጥ የሚያካክሉ። ከድሮም ሆዷ ትልቅ ስለነበር እርጉዝ መሆኗን ያወቀ አልነበረም።

እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለጥቂት ጊዜ ቆመች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪፈስ። «ምጥ ይዟት ነው እኮ» አለች። «ምጥ የያዛት ምን ሥጋ ትበላለች? የወለድኩ ሴት ሆኜ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል?» ዕንባው ግን ሳቋ ካቆመም በኋላ አላቆመም። ዓም ኢድሪስን ያለ ጥፋታቸው በሰው ፊት አዋርዳቸዋለች።

አበባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እትዬ፣ አንዴ ጎርሰሽ ንስሐ ብትገቢስ? እግዜር የልብሽን ያውቃል» አለቻት።

«አስቀድሜ ንስሐውን አስቤ የምሠራው ኃጢአት ከሆነ እሱ ንስሐ አይደለም» አለች እትዬ። «ንግድ ነው።»

«እኔ ልብላልሽ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ። በዚያ ሐዘን መሃል ፈገግ አለችልኝ።

«እሱን ቅምሻ ለአንቺ አልሰጥም።»

እስከ ጁምዓ ድረስ ሥጋ አልገዛንም። ባቄላና ምስር ሠርተን ሸጥን። ከሥራ ስናርፍ ኒሙ ሥር ተቀምጣ ማተቧን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። አንዴ ስታስብ ቆይታ «እውነቱን ነው እኮ፣ ዘሀራ» አለችኝ። «እኔ ስንት ዘመን እሱን አምኜ በስሙ ስኖር፣ ይቀየመኛል ብዬ ሳልነግረው ቆየሁ። መንገር የነበረብኝ መጀመሪያ ነው።» እኔም ከወሎ ስለሆንኩ ይገባኛል። እኛ አገር ክርስቲያኑ ለእስላም እንግዳው ለብቻ ያሳርዳል፣ እስላሙም እንዲሁ፤ ማንም አይቀየምም፣ ሁሉም አብሮት ያደገ ወግ ነው። ለዓም ኢድሪስ ግን ይህ አዲስ ነገር ነው። ንቀት ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም።

የጁምዓ ዕለት በጠዋት «ሻርፕሽን አድርጊ፣ ኦምዱርማን እንሄዳለን» አለችኝ። ዓም ኢድሪስን ልትለምን መስሎኝ ተከተልኳት። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻግሮ ስንወርድ ግን ወደ ሞረዳ ታጠፈች፣ ወንዙ ዳር ወዳለው የዓሳ ገበያ።

«ጎርጎራ ዓሳ ሲወጣ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሳህን ነው የሚበላው» አለችኝ እየሄደች። «ዓሳን ማን አረደው ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ይህን ለማሰብ እስከ ዛሬ መቆየቴ ነው የሚገርመኝ።»

ስንገመግም ቆየን። ስንጥቡን ገልጣ ታያለች፣ ዓይኑን ትጫናለች፣ ትመልሳለች። በመጨረሻ ሱዳኖቹ ቡልጢ የሚሉትን፣ እሷ ቆሮሶ የምትለውን አንድ ትልቅ ዓሳ መረጠች። ወረቀት የሌለውን አበሻ በየመንገዱ የሚያፍሰውን የፖሊስ አሰሳ ከሻ እንለው ነበር። ዓሳውን በሁለት እጇ ይዛ «የአገሬ ልጅ፣ ከጣና እዚህ ድረስ ከሻ ሳይዝህ መጣህ» አለችው። በዚያ ሰሞን ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

ስንመለስ በቀጥታ ማድ ቤት ገባች። ሎሚ ጨመቀችበት፣ ጎኑን ሰነጣጠቀችው፣ ዱቄት አለበሰችው፣ ሙሉውን ዘይት ውስጥ ለቀቀችው። ማንም እንዲረዳት አልፈቀደችም።

ዓም ኢድሪስ ከሶላት መልስ ነጭ ለብሰው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ቤታቸው የተጠበሰ ሥጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እትዬ «አስቀድመህ ና» ብላ ወደ ዕቃ ቤት ወሰደቻቸው። ቅርጫቱን ሲያዩ ጎንበስ አሉና «ማሻአላህ» አሉ። ቆየት ብለው ነገሩ ሲገባቸው ተመልሰው ወጡ፤ የተጠቀለለውን ፈተው ቁራጭ ይዘው መጡና ከወይዘሮ አፍ አጠገብ አኖሩላት። ወይዘሮ ማሽተት እንኳ ሳያስፈልጋት ዋጥ አደረገችው፤ ሁለተኛውንም።

«አየሽ» አሉ።

«አየሁ። በድዬሃለሁ» አለች እትዬ። «በሰው ፊት እንደመለስኩት ነገ ሱቅህ መጥቼ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

«እሱ አንድ ነገር ነው። ሌላውስ?»

እትዬ ወንበር ሳበችላቸውና ዓሳውን በትሪ አምጥታ መሃል አስቀመጠች። «ዓም ኢድሪስ» አለች፣ «ሥጋህን መብላት አልችልም። ስለማልወድህ አይደለም። ዓሳን ግን ያንተም የእኔም እጅ አላረደውም። ፈጣሪ እንዳበጀው ነው የወጣው። እስከ ዛሬ በአንድ ገበታ ያልበላነው እኔ ሳላስበው ቀርቼ ነው። ይህን አብረን እንብላ። ከዚያ በኋላ ስምህን ብትወስደውም አልቀየምህም።»

ዓም ኢድሪስ ዓሳውን አዩ፣ እሷን አዩ። እጃቸውን ታጥበው «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ።

እሷ ማዶ ተቀምጣ አትበላም፤ ፊታቸውን ታያለች። እኔና አበባም ከማድ ቤቱ በር ሆነን እንመለከታለን። አንዴ ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። ደገሙ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አጣሁ። ሥጋ የለመደ ሰው ዓሳውን ጠልቶት ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ከሆዱ በኩል ለስላሳውን መረጡ፣ እሾሁን አንድ በአንድ አወጡለት፣ ሳይጎርሱት በእጃቸው ያዙት።

«ከእጄ ትበያለሽ ብዬሽ ነበር» አሉ።

እጃቸውን ዘረጉ። እኛ አገር ማጉረስ የዘወትር ነገር ነው። እዚያ ግን እሳቸውን የመሰለ ትልቅ ሰው ባዕድ ሴት አያጎርስም። ወደ እሷ በኩል ትሪው ላይ የሚያስቀምጡላት መስሎኝ ነበር፤ እትዬ ግን አንገቷን ሰገግ አድርጋ አፏን ከፈተች። ዓም ኢድሪስ ወደ መንገዱ ሰረቅ አድርገው አዩና አጎረሷት።

እትዬ ማንጠግቦሽ አላመጠች። ትንሽ ቆይታ ማላመጧን አቆመች።

«ዓም ኢድሪስ፣ ይህ ዓሳ ጨው የለውም እኮ» አለች።

«የለውም» አሉ።

እኔና አበባ ተያየን። ያን ቀን እሷ ራሷ መብላት ስለምትችል እኔን ቅመሺ ያለኝ የለም፤ እሷ ደግሞ ስንት ዘመን ሳትቀምስ ስለሠራች መቅመስ ትዝም አላላት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ስትበላ ምነው ዝም አልከኝ?»

«የአገራችሁ ወግ መስሎኝ ነው» አሉ ዓም ኢድሪስ። «ወጌን አክብርልኝ አልሽ፤ እንግዲህ ከዚህ ልጀምር ብዬ ዋጥኩት።»

እትዬ ሳቅ ሲጀምራት በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ዓም ኢድሪስ እስኪያልፍላት ጠበቋት።

«እሁድ በጠዋት ሩኽሳውን ይዘሽ ጠብቂኝ» አሏት። «አሁን ተነሺ፣ ጨው አምጪ።»